ዝም ማለትን እሺ እንደ ማለት ያልቆጠሩት ዶክተር ስህን አራጋው (1966–2016 ዓ.ም.)

ዶክተር ስህን አራጋው ከአባታቸው ከአቶ አራጋው ይማምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ጓንጉል፣ በአምባሰል፣ ከውጫሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ጥር 14 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። አቶ አራጋው የከብት ክትባት ሠራተኛ ስለ ነበሩ ከቤት ይልቅ በመንገድ ላይ ይውሉ ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃን ከወለዷቸው ስድስት ልጆች ለወግ ለማዕረግ የበቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶክተር ስህንና በሦስት ዓመት የሚያንሳቸው፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው መሪጌታ ታደገ አራጋው። ጸሐፊው ወንድም ነውና ሁሉን አሳምሮ ለመጻፍ ልቡ ይከጅላል። ሟች ግን በሕይወት ሳሉ የተኳኳለ ወረቀት አይወዱም ነበርና እንደሆነው ይጻፋል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ቤተሰቡ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረደ። ስህን ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከትምህርት ቤት እንደ ወጡ ወደ ውኃው ዳር እየሄዱ ዓሣ አጥማጆቹን ሲያዩ ይውሉ ጀመር። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምታቆይ ያሳዩአቸው እነሱ ናቸው። ስህን እንቁላሎቹን ለምነው በእናታቸው የዘይት ጠርሙስ ወደ ቤት ወሰዱ፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነጡ። ስለ ጠርሙሱ ተገረፉ፣ ስለ እንቁላሎቹ ግን ሁለት ቀን አለቀሱ። ለምን እንደ ሞቱ የሚነግራቸው ሰው ስላጡ መጠየቅ አላቆሙም፤ የቤቱን ሰው ሁሉ በጥያቄ አሰለቹት።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐይቅ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ተከታትለው በ1984 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1988 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ። ከዚያም ወደ ተወለዱበት አካባቢ ተመልሰው በውጫሌ አምስት ዓመት አስተማሩ። ያስተማሯቸው ዛሬም እንደሚያነሡት፣ ተማሪ ተሳስቶ ሲመልስ አይቆጡም፤ ሳይገባው "ገብቶኛል" ሲል ግን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ይቀመጡ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ወይዘሮ ለተብርሃን የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽታቸው ሕዋሳት አልቀው ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሯቸው በመርፌ ሆነ። የልጃቸው ሕይወት አቅጣጫ የተወሰነው በዚህ ነው። ስህን በ1993 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ1996 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ከአቶ ይመር ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ በ1998 ዓ.ም. ልጃቸውን ወለላን ወለዱ። በ2000 ዓ.ም. ለዶክትሬት ወደ ቤልጂየም ሄደው፣ ትምህርታቸውን ከጨረሱም በኋላ በዚያው ሀገር በተመራማሪነት ሠሩ። ያጠኑትም ከሰው ሽል የሚገኘውንና ወደ ማንኛውም የአካል ክፍል ሊያድግ የሚችለውን፣ ስቴም ሴል የሚባለውን ሕዋስ ነው። ከዚህ ሕዋስ ይገኛል ብለው ተስፋ ያደረጉት የስኳር ሕመም መድኃኒት ለእናታቸው ዕድሜ እንደማይደርስ አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃንም "ለእኔ ባይደርስ ለሰው ይድረስ፤ አንቺ ብቻ ቶሎ ቶሎ ደውዪ" አሏቸው።

በ2008 ዓ.ም. ለዕረፍት ሐይቅ በመጡ ጊዜ ስለ ሥራቸው ለተማሪዎች እንዲናገሩ ተጋበዙ። ወንድማቸውም በኩራት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። የእናትና የአባት ዘር በተገናኘ በአምስተኛው ቀን ሽሉ ከመርፌ ጫፍ ያነሰ፣ መቶ ያህል ሕዋሳት ያሉት ኳስ እንደሚሆን አስረዱ። በኳሱ ውስጥ የተሰባሰቡት ጥቂት ሕዋሳት ገና ምን እንደሚሆኑ አልለየላቸውም፤ ልብም፣ ነርቭም፣ ቆሽትም ሊወጣቸው ይችላል። እነዚያ ተወስደው በሚመቻቸው ምግብ ውስጥ ሲቀመጡ ሳያቋርጡ ይራባሉ፤ ኢንሱሊን እንዲሠሩም ሊመሩ ይችላሉ። ሽሎቹ የሚገኙት ልጅ ለማግኘት ከታከሙ ባልና ሚስት ተርፈው፣ እነሱ ከፈቀዱ ብቻ እንደሆነም ተናገሩ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ "ሽሉስ ምን ይሆናል?" ስትላቸው ሊያድበሰብሱት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን "ያኔ ሽሉ ያበቃለታል" ብለው መለሱ።

ወንድማቸው ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም። በሚቀጥለው እሑድ በሰንበቴው ጉባኤ መካከል "እኅቴ በብርጭቆ ሕፃን የምትገድል ናት" ብሎ ተናገረ። ነገሩ ሰዓት ሳይሞላ እናቱ ቤት ደረሰ። ዶክተር ስህንም ሰሙ፤ ምንም ሳይመልሱ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ወንድማቸው ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠረው። ምን እንደምትሠራ፣ ለምን እንደምትሠራ አንድ ቀን ጠርቶ አልጠየቃትም። በየዕለቱ ጸሎቱ መጨረሻ ላይ ሥራዋ እንዳይሳካ ይለምን ነበር። እናታቸው በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት ስልክ እያቀባበሉ ኖሩ።

በ2010 ዓ.ም. በሀገሪቱ ለውጥ ሲታወጅ በውጭ ያለው ሁሉ ዓይኑን ወደ ቤቱ መለሰ። አቶ ይመር "ትንሽ እንየው" ቢሉም ዶክተር ስህን አልታገሡም፤ በ2011 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ገቡ። በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመካንነት ሕክምና ማዕከል የቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ምኞታቸው ከሀገራችን ሰው የተገኘውን የመጀመሪያ፣ ሳያቋርጥ እየተራባ የሚቀጥል የስቴም ሴል ዘር በሀገራችን ምድር ማብቀል ነበር። የሌላ ሀገር ሰው ሕዋስ በእኛ ታማሚ ሰውነት ውስጥ ሁልጊዜ አይስማማም ይሉ ነበር። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የማዕከሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቀደላቸው፤ ከቤልጂየም የቀድሞ ባልደረቦቻቸውም አብረው ሊሠሩ ተስማሙ።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሐይቅ የመጡ ባልና ሚስት ወደ ማዕከሉ ገቡ፤ አቶ ሀሚዱና ወይዘሮ መስኡዳ ይባላሉ። አቶ ሀሚዱ ዓረብ ሀገር ስምንት ዓመት ሠርተው የተመለሱ ነጋዴ ነበሩ። ተጋብተው ዘጠኝ ዓመት ልጅ አላገኙም። በሕክምናው አራት ሽሎች ተገኙ፤ አንዱ በማኅፀን ቢቀመጥም አልጸናም። ሦስቱ ለሚቀጥለው ሙከራ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀመጡ። ለማስቀመጫውም የሚፈረም ውል ነበር። ውሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልታደሰ ሽሎቹ ለምርምር ይውላሉ ይላል። ዶክተር ስህን ሊያነቡላቸው ወረቀቱን ሲያነሡ አቶ ሀሚዱ እጃቸውን ይዘው "ኧረ በአላህ ይተዉት! የሀገሬ ልጅ ተገኝታልኝ ወረቀት ላስነብብ? ወላሂ ነውር ነው" አሉና ፈረሙ። ወይዘሮ መስኡዳም ፈረመች። በእኛ ሀገር ሰው ዘንድ ማመን ማለት እንዲህ ነው፤ የዘመድን ወረቀት የሚያስነብብ እንደ ተጠራጣሪ ይታያል። ዶክተር ስህንም በሀገር ልጅነታቸው ስለ ታመኑ ደስ አላቸውና ወረቀቱን ሳያነቡ ወደ ፋይሉ መለሱት። በሕይወታቸው ከሠሩት ስሕተት ሁሉ ትልቁ ይህ እንደ ነበረ ራሳቸው ተናግረዋል።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሐይቅም በጦርነቱ ውስጥ ወደቀች፤ መንገድ ተዘጋ፣ መብራትና ስልክ ጠፋ። ውሉ የሚያበቃው ጥቅምት 30 ቀን ነበር። ቀኑ አለፈ፤ ከሐይቅ ማንም አልመጣም፣ ማንም አልደወለም። በዚያ ሰዓት ውላቸው አልቆ ለምርምሩ የሚሆኑ ሽሎች እነዚያ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። በኅዳር ወር ኮሚቴው ተሰብስቦ ወረቀቱ ግልጽ ነው፣ ሥራው ሊጀመር ይችላል ሲል ወሰነ። ዶክተር ስህን ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ፈቃድ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ግን ተነሥተው "እነዚህ ሰዎች ዝም አላሉም፤ መናገሪያ አጥተው ነው። ሳላነብላቸው አስፈርሜያለሁ፤ አሁን ደግሞ ሳልጠይቃቸው አልወስድም" አሉ። የቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ለዚህ ሥራ የተሰጠን ጊዜ እያለቀ ነው ብለው ደጋግመው ጻፉላቸው። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ሽሎቹን የማውጣት ሥልጣን ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለ ነበሩ ሥራው ቆመ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ሐይቅ ላይ በዚያው በኅዳር ወር በ9ኛው ቀን ዐረፉ። ኢንሱሊን አልቆ በከተማው አንድም ብልቃጥ አልተገኘም ነበር። ወንድማቸው በየቤቱ እየዞረ የለመነበትን ያን ሳምንት መግለጽ አይችልም። የተኩስ ድምፅ ሳያቋርጥ እስላም ክርስቲያኑ በአንድ የሚቀባበርበት ቅሬያችን ወጥቶ ቀበራቸው። ቃሬዛውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ አቶ ሀሚዱ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 12፣ ሀሚዱ ከቤታቸው ደጅ ላይ ከየት እንደ ተተኮሰ ባልታወቀ ጥይት ተመትተው ሞቱ። ቅሬው እሳቸውንም ቀበረ።

መንገድ እንደ ተከፈተ ዶክተር ስህን የእናታቸውን መርዶ አዲስ አበባ ላይ ተረዱ። ታኅሣሥ 14 ቀን ሐይቅ ደረሱ። እኅትና ወንድም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ስለ ጠባቸው ግን አንዱም አላነሣም። በሦስተኛው ቀን ዶክተር ስህን መስኡዳ ቤት መሄድ እንዳለባቸው ሲናገሩ ወንድማቸው ቤቱን ሊያሳያቸው አብሮ ሄደ። ከቦርሳቸው ያንን ወረቀት አውጥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ወንድማቸውም ስለ ሽሎቹ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሲጨርሱ "ያን ቀን ያላነበብኩላችሁ የሀገሬ ልጅ ስላላችሁኝ ደስ ብሎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፉ በዪኝ" አሉ።

መስኡዳ "ሕይወት አላቸው ወይ?" አለች። ዶክተር ስህንም "አላቸው። ሰው ናቸው ወይ ካልሽኝ ግን አላውቅም። ብዙ ዓመት በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ፤ እሱን አያሳይም" ብለው መለሱላት። መሪጌታ ታደገ እኅቱ "አላውቅም" የምትል ሰው መሆኗን ያወቀው ያኔ፣ በጎኗ ተቀምጦ ሳለ ነው። እሱ ሳትጠራጠር የምትገድል አድርጎ በልቡ ስሏት ነበር። መስኡዳ ቀጠለች፦ "ሀሚዱ ከሞተ እነሱን መሸከም በሃይማኖቴ አይሆንልኝም። ለእርስዎ ትምህርት ይሁን አይሁን ግን ዛሬ አልልም። ዒዳ ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን እቀመጣለሁ። እነሱም አብረውኝ ይቀመጡ፤ ዒዳዬ ሲወጣ እመልስልዎታለሁ።"

ዶክተር ስህን ይህን ቃል ለኮሚቴው አስረዱ። አንዳንዶቹ ሳቁ። የቤልጂየሞቹ ቀነ ገደብ በየካቲት አልቆ ሥራውን ይዘው ሌላ ሀገር ሄዱ። እሳቸው ናይትሮጅኑ እንዳይጎድል በየሳምንቱ እየለኩ ጠበቁ። የሐዘን ጊዜዋ ሲያበቃ፣ በመጋቢት ማለቂያ መስኡዳ በሚኒባስ አዲስ አበባ መጣች። ወንበር ሲሰጧት ሳትቀመጥ "እሺ ብያለሁ። ግን በአንቱ እጅ ከሆነ ነው። ለማያውቀኝ ሰው እጅ አልሰጥም" አለች። ዶክተር ስህን ቃሏን እንደ ተናገረችው ጽፈው፣ መልሰው አነበቡላትና አስፈረሟት።

አጋሮቹ ስለ ሄዱ ፈቃዱ እንደ ገና ከመጀመሪያው መጠየቅ ነበረበት። ማመልከቻው ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ዓመት አለፈ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ዶክተር ስህን የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ በሽታውም ተሰራጭቶ ነበር። ሕክምናውን እየተከታተሉ ከሥራ አልቀሩም። ነገር ግን መድኃኒቱ የጣቶቻቸውን ስሜት ወሰደው፤ የሻይ ብርጭቆ ሲይዙ እንኳ በዓይናቸው ካላዩት ይወድቅባቸው ጀመር። ፈቃዱ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መጣ። ለዚህ ሥራ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ይዞ የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ያ እጅ አልነበራቸውም።

ተማሪያቸው ዶክተር ሀፊዛ "እርስዎ ከጎኔ ቆመው እየነገሩኝ እኔ ልሥራው፤ ያው የእርስዎ እጅ ነው" ብላ ለመነቻቸው። ከእሷ የተሻለ እጅ እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ። ይህን የሚጽፈው ወንድማቸው ሊያስታምማቸው መጥቶ አልጋቸው አጠገብ ነበርና ፊታቸውን አይቷል፤ እንዴት እንደ ፈለጉት ያውቃል። ዶክተር ስህን "መስኡዳ በእኔ እጅ ከሆነ ነው ያለችው። አንቺ ሌላ ሰው ነሽ፤ እንደ ገና ትጠየቅ። ታማለች ብላችሁ ግን እንዳትጠይቋት፤ ስለ እኔ አዝና እሺ ትላለች" አሉ። ሕመማቸውን ሳያነሡ እጁ ለምን እንደ ተለወጠ ማስረዳት አልተቻለምና መስኡዳ ሳትጠየቅ ቀረች፤ ዶክተር ስህንም የዕድሜ ልክ ምኞታቸውን በቀረላቸው ሦስት ወር ውስጥ ሳይፈጽሙት ተዉት።

በእነዚያ ሦስት ወራት ወንድማቸው ይቅርታ ሊጠይቃቸው በየቀኑ ያስብ ነበር። አንድ ቀን ጀምሮ "ዶክተር" ቢላቸው "ምን አጠፋሁ? ከልጅነትህ ጀምሮ ስህኔ ነው የምትለኝ" ብለው ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀና ነገሩን ለነገ አሳደረው። ሾርባ ሲያጎርሳቸው በእጁ ጎረሱ፤ መዝሙር ሲያነብላቸው አዳመጡ። ነገ እላለሁ እያለ ቀናቱ አለቁ።

ዶክተር ስህን አራጋው ረቡዕ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት አስከሬናቸው ወደ ሐይቅ መጥቶ፣ ዛሬ ዓርብ ሚያዝያ 11 ቀን ከእናታቸው መቃብር አጠገብ ያርፋል። ባለቤታቸው አቶ ይመር ደምሴ፣ ልጃቸው ወለላ ይመር፣ ወንድማቸው መሪጌታ ታደገ አራጋው፣ በውጫሌ ያስተማሯቸው ተማሪዎቻቸውና በእጃቸው ልጅ ያገኙ ብዙ ቤተሰቦች በሐዘን ቀርተዋል።

ትናንት አስከሬኑ ሲገባ መስኡዳ ከለቀስተኛው ፊት መጥታ ነበር። ከጥር ጀምሮ የሆነውን ከአስከሬኑ ጋር የመጣችው ዶክተር ሀፊዛ ያኔ ነገረቻት፤ ፈቃድ ግን አልጠየቀቻትም። መስኡዳ አልቅሳ ስታበቃ ወደ ወንድማቸው ዞራ "መሪጌታ፣ የፈቀድኩት ለእሳቸው እጅ ነበር። እጃቸው ሄደ። ሦስቱን ወደ ሐይቅ ያምጡልኝ፤ ሀሚዱ ዘንድ ይቀበሩ" አለች። ዶክተር ሀፊዛም ጎንበስ ብላ እንደሚደረግ ቃል ገባችላት። ስለዚህ ዶክተር ስህን የተመኙት ዘር አልበቀለም።

ወንድማቸው ስድስት ዓመት ሙሉ የለመነው ይህንን ነበር፤ ተሰጠው። ዛሬም ሽልን ለምርምር ማዋል ልክ ነው አይልም። ሆኖም ከትናንት ጀምሮ እንደ እናቱ ሞት ቀን ያለቅሳል፤ ልመናው በመሰማቱ ያፍራል። በጉባኤ መካከል ስማቸውን ያጠፋው እሱ ነውና በጉባኤ መካከል ሐሰት እንደ ተናገረ ይመሰክራል። እኅቴ ይቅር ብላኛለች ብሎ ግን አይጽፍም። በእጁ መጉረሳቸውን፣ አብረውት መሳቃቸውን እንደ ይቅርታ ሊቆጥረው አይደፍርም። አልጠየቃቸውም፤ አልመለሱለትም።

የሰማይና የምድር ጌታ የእኅታችንን የዶክተር ስህንን ነፍስ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ አቶ ይመርንና ወለላን ያጽናናልን። ለወንድማቸውም፣ እሳቸውን በሚያገኝበት ቀን፣ አስቀድሞ የሚጠይቅበትን አፍ ይስጠው። አሜን።